አሥራ ስምንት ጊዜ ያጎረሰው

ባለፈው ሳምንት በርበሬ ሊገዛ የመጣ አንድ እዚሁ አሜሪካ ያደገ ጎረምሳ ስልኩን ባንኮኒዬ ላይ አስደግፎ የድሮ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ቁጥር ያነባል። ማን ስንት አገባ፣ ማን ስንት ሳተ፣ ማን ስንት ፋውል ሠራ። ቀና ብሎ፣ «ላይክ፣ ይሄን ጌም ታውቂዋለሽ?» አለኝ። በእናቱ ዕድሜ ነኝ፤ «አንቺ» መባሌን ደንበኛ ነው ብዬ ዋጥኩት። ስልኩን አየሁ። አርባ ሰባት። ሠላሳ አራት። ቦስተን መቶ አሥራ ስምንት፣ አትላንታ መቶ አሥራ ስድስት። «አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ሰው ቤት እንዳልገባ ያስከለከለኝ ጨዋታ ነው» አልኩት። ሳቀ። የቀለድኩ መስሎታል።

የፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ሊያልቁ አካባቢ አትላንታ አጠገብ፣ ቻምብሊ ውስጥ ነበር የምንኖረው፣ አባቴና እኔ፣ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት አፓርትመንት። እናቴን ሱዳን ቀብረን ነው የመጣነው። አባቴ አየር ማረፊያ ሻንጣ ጫኝ ነበር፤ ፀጉሬንም የሚያበጥረው ልክ ሻንጣ እንደሚጭን ነበር። ደግነቱ ፊት ለፊታችን ጋሽ በቀለና ሚስቱ እትዬ አልማዝ ይኖሩ ነበር። እሑድ እሑድ እትዬ አልማዝ ጉልበቶቿ መሀል ታስቀምጠኝና ሹሩባ ትሠራኛለች። ስነቃነቅ በማበጠሪያው ጀርባ ኳ ታደርገኛለች። የዚያ ሰማያዊ የፀጉር ቅባት ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። በሳምንት ውስጥ የሰው እጅ በደግነት የሚነካኝ ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

አባቴና ጋሽ በቀለ አገር ቤት ሳሉ የተለያየ ድርጅት ሰዎች ነበሩ። የድርጅቶቹን ስም አልጠራም፤ የእኔ ዘመን ሰው ያውቀዋል፣ የማያውቅም ምንም አልቀረበት። አንዱ የሌላውን ወገን «ነፍሰ ገዳይ» ይላል፣ ያኛውም ይመልስለታል። እኛን ስፖንሰር ያደረገችው ቤተ ክርስቲያን ይሄን ምን ታውቃለች? ያገር ልጆች ናቸው፣ ይጽናኑ ብላ በር ለበር አስቀመጠቻቸው።

ያቻቻላቸው የጋሽ በቀለ ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ነበር። አባቴ የምኖርበት ከተማ ነው ብሎ አትላንታን ደገፈ። ጋሽ በቀለ ቦስተን በየት በኩል እንደሆነች እንኳ አያውቅም፤ ግን አባቴ አትላንታን ከደገፈ እሱ ቦስተን ነው። እንዲህ እየተሽሟጠጡ፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ፣ ሁለቱም ወደ ስክሪኑ እያፈጠጡ ሁለት ዓመት ኖሩ።

ሁለቱ ቡድኖች ሦስት ሦስት ጊዜ ተሸናንፈው ያ ጨዋታ ሰባተኛው ነበር፣ ተሸናፊው ወደ ቤቱ የሚሸኝበት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ክፍሉ በሰውና በሽንኩርት ቁሌት ሽታ ታፍኗል፤ እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ጭንቅላቴ እትዬ አልማዝ እጅ ውስጥ ነው። በመጨረሻው ሩብ የእኛ ሰውዬና የእነሱ ሰውዬ ተያያዙ። አንዱ ያገባል፣ ሌላው ይመልሳል። በሁለት ነጥብ ተሸነፍን። ጋሽ በቀለ ብድግ ብሎ አጨበጨበ።

«እናንተ ድሮም መሸነፍ ልማዳችሁ ነው!»

ነገሩ የኳስ እንዳልሆነ ለእኔ ለልጅቷ እንኳ ገባኝ።

«አርባ ሰባት ያገባ ሰው ተሸነፈ አይባልም» አለ አባቴ። «እናንተ ግን በመንጋ ካልሆነ ወንድነት የላችሁም።»

«ውጣ ከቤቴ!»

«ቤት አለኝ ብለህ ነው?»

አባቴ ክንዴን ይዞ እየጎተተ አስወጣኝ። ሁለተኛ የዚያን ቤት ደፍ እንዳልረግጥ ማለ። ችግሩ፣ ሹሩባዬ ገና ግማሽ ነበር። የቀኙ ተሠርቷል፣ የግራው ቆሟል። «ፍቺው» አለኝ። አልፈታም አልኩ። ከፈታሁት እትዬ አልማዝ ዳግመኛ የማትሠራኝ መሰለኝ። ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያው ሆኜ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ምን እንዳሉኝ አልነግራችሁም።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ መጣ። አቶ ደስታ ይባላሉ፣ መሀል ከተማ የፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ ነበሩ። ሁለቱም አንዱ የሌላው ቤት አልገባም ስላለ ሽምግልናው ደረጃው አናት ላይ፣ በሁለቱ በሮች መሀል ሆነ። ከየቤቱ ወንበር ወጣ። ከጎናችን የምትኖረው አሜሪካዊት የልብስ ማጠቢያ ቅርጫቷን ታቅፋ «ኤክስኪዩዝ ሚ» እያለች በመሀላችን ታልፋለች።

«ጠቡ በምንድን ነው?» አሉ አቶ ደስታ።

«በኳስ ነው» አለ አባቴ። «በኳስ» አለ ጋሽ በቀለ። በዚህ ብቻ ተስማሙ።

«እንግዲያው የኳሱ ወረቀት ይቅረብ።»

አባቴ አጣጥፎ ያስቀመጠውን የጋዜጣ ገጽ አመጣ። አንባቢዋ እኔ ነበርኩ፤ ከእኔ በቀር ያንን የተቆራረጠ እንግሊዝኛ የሚፈታ አልነበረም። ስሞቹን ስጠራ አቶ ደስታ አስቆሙኝ።

«ቆይ፣ ይሄ የአባት ስም አይደለም እንዴ? የልጆቹስ?»

«የልጆቹ አልተጻፈም።»

«ልጅ እየሮጠ አባት ይመዘገባል? ጉድ ነው! ቀጥዪ።»

«የእኛው አርባ ሰባት፣ የእነሱ ሠላሳ አራት።» አባቴ ደረቱን ነፋ።

«ስንት ሞክሮ እንደሆነ አንብቢያ!» አለ ጋሽ በቀለ።

«የእኛው ሠላሳ ሦስት ሞክሮ አሥራ ዘጠኝ። የእነሱ ሃያ አራት ሞክሮ አሥራ አምስት።»

«አያችሁ? የእኛ ሰው ጥይት አያባክንም!»

«ጥይት» የሚለው ቃል መሀላቸው ወድቆ ቀረ። አባቴ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ጋሽ በቀለም ተነሣ። እትዬ አልማዝ በራቸው ላይ ቆማ የግራውን ፀጉሬን ታያለች። አለቀልኝ አልኩ። ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ሳሯሩጥ አንድ ቁጥር አገኘሁ።

«ይሄኛው ተጫዋች ደግሞ አሥራ ስምንት ጊዜ አጎረሰ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ምን አደረገ?» አሉ አቶ ደስታ።

«ራሱ ከማግባት ይልቅ ኳሱን ለጓደኞቹ እየሰጠ አሥራ ስምንት ጊዜ እነሱ እንዲያገቡ አደረገ።»

«በአንድ ቀን?» ሽማግሌው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ታዲያ ጀግናው እሱ ነዋ! ያገባውም ይቅር፣ የሳተውም ይቅር። ፈርጃለሁ፤ አሁኑኑ ተጎራረሱ!»

እትዬ አልማዝ ትሪ ይዛ ከተፍ አለች። አባቴ እንጀራውን ጠቅልሎ ጠቅልሎ የሕፃን ጭንቅላት አሳከለው፤ አዋዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ነከረው። የሚያፈስ ቧንቧ እንደሚወትፍ ሰው ጋሽ በቀለ አፍ ውስጥ ገፋው። ጋሽ በቀለ ዓይኑ እያነባ ዓይን ዓይኑን አየው። ከዚያ ጥርሱን ገጠመ።

«ነከሰኝ!»

«አነቀኝ!» አለ ጋሽ በቀለ፣ አፉ እንደሞላ።

ሁለት በሮች እኩል ተጠረቀሙ። አቶ ደስታ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወረዱ። እኔ ከትሪውና ከባዶ ወንበሮቹ ጋር ቀረሁ። ትንሽ ቆይቶ የጋሽ በቀለ በር ተከፈተና እትዬ አልማዝ ማበጠሪያዋን ይዛ ወጣች።

«ነይ ወዲህ።»

«አባዬ እንዳትገቢ ብሎኛል።»

«ግቢ ያለሽ ማን ነው?» ብላ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

አባቴ በሩን ከፍቶ አየን። ቀና ሳትል፣ «ቤቴ አልገባችም» አለችው። ጣቱን በጨርቅ እንደጠቀለለ ዘጋው። እስክንለያይ ድረስ ብርድም ሆነ ሙቀት፣ እሑድ እሑድ እዚያው ደረጃ ላይ ሠራችኝ።

ዛሬ ከአትላንታ ወጣ ብሎ ኬኔሶ ውስጥ ሣሩ ሰፊ የሆነ ቤት አለኝ፤ አባቴም ከእኔ ጋር ነው። የጎረቤቴን ስም አላውቀውም። ብንጣላ በሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር በኩል ደብዳቤ ይልክብኛል እንጂ አይሰድበኝም። ልጄ በር ለበር ሆኖ የሚጠላት ሰው ኖሯት አያውቅም። ሳስበው ደስ ይለኛል፤ ቆየት ብሎ ደግሞ ቅር ይለኛል።

እትዬ አልማዝ ካረፈች አምስት ዓመቷ ነው። ጋሽ በቀለ ከዲኬተር በወር አንዴ ሱቄ ይመጣል። ሽሮውን ይይዝና፣ ዓይኑን መደርደሪያው ላይ ተክሎ፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቀኛል።

«ያ ሰውዬ አለ?»

«አለ፣ ጋሼ።»

«እንዳይሞት። ገና አልጨረስንም።»