ታዱ የሣለቻቸው እንሰቶች ዝናብ እየጠጡ ነው

አስቸኳይ መግለጫ ለመላው የሶዶ ሕዝብ! አውራ ዶሮዬ የጎረቤት ጎመን ሲበላ እጅ ከፍንጅ ተይዞ በገመድ ታስሯል።

ዛሬ ጠዋት ይህን ልለጥፍላችሁ ስል ልጄ ደውላ "አባዬ፣ መምህርት ታደለች አረፈች" አለችኝ። ምን? ታዱ? ትናንት በስልክ ስትስቅብኝ የነበረችው? እስካሁን አላመንኩም።

ለማታውቋት፦ ታዱ ጎረቤቴ ናት። ባዮሎጂ ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች፣ እንሰት የምትሥል ሴት። ለጌጥ እንዳይመስላችሁ። አጠውልግ የሚሉት በሽታ እንሰቱን ሲይዘው የትኛው ቅጠል ቀድሞ እንደሚዝል፣ ግንዱ ሲቆረጥ ምን ዓይነት ቢጫ ፈሳሽ እንደሚወጣው፣ ማንበብ የማይችል ገበሬ አይቶ እንዲለይ ነበር የምትሥለው።

ጓሮዬ አንዷ እንሰት ታመመችና ልቆርጣት ገጀራ ይዤ ስወጣ፣ ታዱ በርጩማዋን አንጠልጥላ ከች አለች።

"ጋሼ፣ ሳልጨርስ እንዳይነኳት!"

"እንሰቴ እየሞተች አንቺ ቀለም ትበጠብጫለሽ?"

"ዛሬ የያዘችው ቀለም ነገ አይገኝም።"

እኔ መቼ ዝም እላለሁ! "እግረ መንገድሽን እኔንም ሣዪኝ፤ ጥርሴን ግን ሙሉ አድርጊው።"

"ያላየሁትን አልሥልም፣ ጋሼ።"

ለሁሉም መልሷ ይሄው ነበር። አንዴ የእንሰት አበባ ሥላ በረንዳዬ ላይ ስታደርቀው ንብ መጥታ ቂብ አለችበት።

አሁን ንዴቴን ስሙ። ሥዕሎቹ ገበሬ በሚሰለጥንበት ይሰቀሉ ብላ አንዱ መሥሪያ ቤት ወሰደቻቸው። "ይሄ ሥዕል ነው፣ እኛን አይመለከትም" አሏት። ሌላው ጋ ሄደች። "ይሄ በሽታ ነው፣ እኛ ሥዕል ነው የምንሰቅለው" አሏት። በመጨረሻ "እስኪወሰን እዚህ ይቀመጥ" ብለው ጣሪያው የሚያፈስ መጋዘን ውስጥ ከአሮጌ ጎማ ጋር ወረወሯቸው። ሄዳ ስትጠይቅ ቁልፍ ያዡ ስብሰባ ላይ ነው። ሁልጊዜ ስብሰባ!

ዛሬ እነዚያው ሰዎች ልቅሶው ድንኳን ውስጥ ከፊት ተቀምጠው "ትልቅ ሀብታችንን አጣን" ይላሉ። ሀብታችሁማ መጋዘን ውስጥ እየበሰበሰ ነው! ፎቶዋን ባነር ላይ ለማሳተም የተሯሯጣችሁትን ያህል ለአንዲት ቁልፍ ብትሯሯጡ ምን ነበረበት?

ነገ ከቀብር መልስ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ነኝ። ባጃጅ ያላችሁ ተከተሉኝ። ከዘራዬንም እይዛለሁ፤ ለመደገፊያ ነው፣ እንዳትፈሩ።

ታዱዬ፣ አንቺ በሰላም ተኚ፤ ንዴቱን ለእኔ ተዪልኝ። ሥዕሎችሽን ሳላወጣ ቤቴ አልገባም። የንቧን ነገር ግን ከራሴ ነው የጨመርኩት፤ ብታነቢው ትሰርዢው ነበር።

መጋዘኑን አልፈጠርኩትም።