ማገዶ የጨመረው የማን ቤት ነው?

ያሰሩኝ ስለ ማገዶ ስለጠየቅሁ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ጎንደር ሥራ ፈትቼ በተቀመጥሁበት ወቅት አንድ የጥናት ቡድን መረጃ ሰብሳቢ ይፈልጋል ተባለና ተቀጠርሁ። ሕዝቡ ከዘመን ዘመን ምን እያነደደ እንደኖረ ለማወቅ ነው። ድሮ ወይራና ጥድ፣ ኋላ ኩበት፣ ከዚያ ባሕር ዛፍ፣ ከተማ ላይ ደግሞ ከሰልና መብራት። በየቤቱ እገባለሁ፣ ምን እንደሚያነዱ እጠይቃለሁ፣ ከአምናው ዘንድሮ ጨምሮ ወይም ቀንሶ እንደሆነ እጠይቃለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዳባት ወዲያ ካለ የደጋ መንደር ስመለስ ኬላ ላይ ወታደሮች ከሚኒባስ አወረዱኝ። ቤት ለቤት ስትዞሪ ከርመሻል አሉኝ። አዎ፣ ከርሜአለሁ አልኋቸው። የሥራ ደብዳቤዬን የተቀበለው ሰው ገልብጦ ጀርባውን አየና ኪሱ ከተተው።

ያስገቡኝ የእህል መጋዘን ከነበረ ክፍል ነው። መስኮት የለውም። በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት ከብርሃን ይልቅ ጭስ ይገባል፤ ከጀርባ የጠባቂዎቹ ወጥ የሚሠራው በእርጥብ ባሕር ዛፍ ነበር። ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ አገኘሁ። አረቄ አውጥታ የምትሸጥ ናት፤ ለታጣቂ ሸጠሻል ብለው ነው ያመጧት። እትየ አልኋት። በምን እንደታሰርሁ ስነግራት እስኪያስላት ሳቀች።

«በማገዶ ከሆነማ የኔስ ዕድሜ ልክ ነው» አለች። «አንድ ጋን ድፍድፍ ስንት ሸክም እንጨት እንደሚበላ ብታውቂ!»

መርማሪው ወጣት ነው፤ አነጋገሩ የጨዋ ልጅ። አልጮኸብኝም፣ አልመታኝም። ስለ ሥራዬ በትዕግሥት ጠየቀኝ፤ እኔም የሚሰማ ሰው አገኘሁ ብዬ አስረዳሁት። ስጨርስ ብዕሩን አነሣ።

«ሁለት ሰው የሚኖርበት ቤት ማገዶው ከጨመረ የሚበላው ሰው ጨምሯል። ጫካ ያሉትን የሚያበላው እንዲህ ያለ ቤት ነው። የጨመረው የማን ቤት ነው? አንድ ቤት ንገሪኝና ወደ እናትሽ ሂጂ።»

አንድ ቤት አውቃለሁ። በዚያ መንደር ጥግ ሁለት አዛውንቶች፣ ባልና ሚስት፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። ኩበት ነበር የሚያነዱት። እኔ የሄድሁ ቀን ግን አዲስ የተፈለጠ እንጨት እስከ ክዳኑ ተቆልሏል፤ ምድጃው ላይ ሁለት ትልልቅ ድስት ተጥዷል። ጨምሮ ቀንሶ እንደሆነ ስጠይቅ ሴትዮዋ ባላቸውን አዩ። «ጨምሯል ልጄ፣ ዘንድሮ ብርዱ ጠንክሯል» አሉ ሽማግሌው። የገብስ ቆሎ አስይዘው እስከ አጥሩ ሸኙኝ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ የተጠየቅሁትን ለእትየ ነገርኋት። ታውቂያለሽ ወይ አለችኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«እንግዲያው ለኔም አትንገሪኝ፤ ቢመቱኝ ወሬ መያዝ አልችልም። ግን አንድ ቤት ሳያገኝ አይለቅሽም።»

ቁጭ ብዬ በገንሁ። እናቴ ስንት ዓመት በኤሌክትሪክ ምድጃ ስታበስል የኖረች ሴት ናት። መብራቱ መጣ ሄደ ሲል፣ መንገድ ተዘግቶ ከሰሉ ሲጠፋ፣ በስተርጅና ወደ እንጨት ተመለሰች። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ተመለሰ። መብራቱ ምነው ጠፋ ተብሎ የተጠየቀ ባለሥልጣን አላየሁም። የሚጠየቀው እንጨት ያነደደው ነው። ደጋ ላይ መብራት የሚባል ነገር ደርሷቸው የማያውቅ ሽማግሌዎች ናቸው የሚጠየቁት።

በማግስቱ መርማሪው ሲያስጠራኝ ሳልቀመጥ ነገርሁት።

«የጨመረው የኛ ቤት ነው። ይጻፉት።»

ሰፈሩን ነገርሁት፤ የበሩን ቀለም ሳይቀር።

«ታሾፊብኛለሽ?»

«ሄደው ይዩ። ሁለት ነን፣ እናቴና እኔ። አምና በመብራት ነበር፤ ዘንድሮ እንጨት ነው። ከዚህ የበለጠ የጨመረ ቤት አላውቅም።»

የመጨረሻው ቃል ውሸት ነው፤ አፌ ላይ አልከበደኝም። እየተናገርሁ ያሰብሁት እናቴን ነው፤ ምን እያደረግሁባት እንደሆነ አውቄአለሁ።

ሄዱ። የእንጨቱን ቁልል አፈረሱት፣ አልጋ ሥር አዩ፣ ጨርቅ የለበሰውን የኤሌክትሪክ ምድጃ ገለጡት። እናቴ ያለሁበትን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ምን ትፈልጋላችሁ ሳትል፣ «መብራት ልትቀጥሉልኝ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሷ ናት ኋላ የነገረችኝ፤ ስትነግረኝም አልሳቀችም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ። ይቅርታም የለ፣ ደብዳቤዬም የለ። እትየ እዚያው ቀረች። «ሸጋ ልጅ ነሽ፣ ሂጂ፣ ዞር ብለሽ አትዪ» ብላኝ ነበር፤ ዞር ብዬ አየሁ።

አሁን ጎንደር ማራኪ ሰፈር፣ ተማሪዎች የሚመገቡበት ቤት ነው የምሠራው። ጥናቱ አልቆ የማገዶ ፍጆታ ጨምሯል ብሏል አሉ። ሁለቱ አዛውንቶች ደህና መሆናቸውን ከአካባቢው ከመጣ ሰው ሰምቻለሁ። ማንን ያበሉ እንደነበር አልጠየቅሁም። ከግጭት የሸሹ የልጅ ልጆች ይሆናሉ፤ መሣሪያ ይዞ አብሉኝ ያላቸው ይሆናል፤ ወይም እንዳሉት ብርድ ነው።

አንድ ነገር ግን ይቅር የምል አይመስለኝም። ዱሮ የሰው ቤት ስገባ ትልቅ ድስት ተጥዶ ካየሁ እንግዳ አላቸው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሳላስበው ለስንት ሰው ይሆናል እያልሁ እገምታለሁ። የዚያ መርማሪ ዓይን እኔ ላይ ቀርቷል። ግምቱ ሲመጣብኝ ፊቴን ከድስቱ ወደ በሩ አዞራለሁ፤ ባለቤቶቹ የሚሉኝን ብቻ እሰማለሁ።