አራት ቁጥር

ኢዶና ጋምብስ አንጉዊላ ደሴት ላይ፣ ባሕር ዳር ባለ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት አንሶላ ስትተኩስ ኖረች። ጡረታ የወጣች ዕለት ሆቴሉ አንድ ወረቀት ሰጣት። «ሁለት ሌሊት፣ እንደ እንግዳ» ይላል። ቀኑንም ክፍሉንም እሷ ትምረጥ ተባለ።

እሷም አልቸኮለችም። ከጥር እስከ ሚያዝያ በየማለዳው በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ፣ ጆኒ ኬክ የሚሉትን የተጠበሰ ቂጣዋን በአሳ እየበላች ስታስበው ከረመች። በሐሳቧ ስንት ጊዜ ሄዳ ተመለሰች። ጫማዋን በሩ ላይ ታወልቃለች፤ መስኮቱን ትከፍታለች፤ ነፋሱ መጋረጃውን ሲነፋው እንደ ጀልባ ሸራ ይወጠራል። አንሶላውን ታውቀዋለች፤ ጠርዙ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ክር፣ ካውያ ሲያልፍበት የሚሸተውን ሽታ። የማታውቀው በላዩ መተኛትን ነው።

ሐሳቧ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ግን አንድ ክፍል ላይ ነበር፤ አራት ቁጥር። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ባሕሩ ይሰማባታል እንጂ አይታይባትም። በመስኮቷ የሚታየው አንድ የጎበጠ የኮኮናት ዛፍ ብቻ ነው። ሆቴሉ ሳይሠራ በፊት የኢዶና እናት ቤት እዚያ ነበር። ኢዶና የተወለደች ሰሞን እናቷ እትብቷን ጓሮ ቀብራ፣ ኮኮናት ተከለችበት። ኢዶና ስድስት ዓመት ሲሞላት አባቷ መሬቱን ሸጠ። ቤቱ ፈረሰ፣ ዛፉ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቦታ አንዲት ሌሊት አላደረችም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዛፉ ሥር እያለፈች ሥራ ገብታለች፤ ሲመሽ መንገዷ ወደ ሌላ ቤት ነበር። አሁን ደግሞ ከነሐሴው የጀልባ እሽቅድምድም በኋላ አራት ቁጥርን አፍርሰው የመዋኛ ገንዳ ሊሠሩ ነው ይባላል።

የወንድሟ ልጅ ቬርሊን በሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ትሠራለች። አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሁለቱ የርግብ አተር በሩዝ እየበሉ ነበር።

«አክስቴ፣ ሃያ ሁለት ቁጥርን ይዤልሻለሁ» አለች ቬርሊን። «ላይኛው ፎቅ ነው። አልጋው ብቻውን ይህን ሳሎንሽን ያክላል።»

«እኔ የምፈልገው አራት ቁጥርን ነው።»

«ሹፌሮች የሚያድሩበትን? ሽንኩርት ሲጠበስ አፍንጫሽ ሥር ነው እኮ።»

«ከሽንኩርት ጋር ተጣልቼ አላውቅም።»

«ሰውስ ምን ይለኛል? ለገዛ አክስቷ የሹፌር ክፍል ሰጠች ሊሉኝ?»

«ቀሚስሽ አጠረ ሲሉሽ ከርመው የለም እንዴ? እስኪ ይህን እያወሩ ከቀሚስሽ ይረፉ።»

ቬርሊን ሳቀች። «እሺ፣ ለምንድን ነው ግን?»

«እትብቴ የተቀበረው እዚያ ነዋ።»

የልጅቷ ሳቅ ቆመ። «ይህቺን ቃል አለቃችን ሚስተር ባላንታይን ፊት እንዳትደግሚያት። ባለፈው ዓመት የሰፈራችን ሰዎች እነ ኮኖር እትብታችን እዚህ ነው እያሉ አይደል መሬቱን ይመለስልን ብለው ሆቴሉን የከሰሱት? እትብት የሚል ቃል ከሰማ ጠበቃ ነው የሚጠራው። ወረቀትሽንም ይሰርዝብሻል።»

«መሬቱን ምን ላደርገው? ልተኛበት ነው እንጂ።»

«እሱ ይህን በምን ያውቃል? የወጥ ቤቱ ሽታ ደስ ይለኛል በይው፣ ይበቃል።»

ሰኞ ጠዋት ኢዶና ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ፣ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣዋን ደፍታ ሄደች። ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ባላንታይን ከሴንት ቪንሰንት ደሴት የመጣ፣ ረዥም፣ ቁጥብ ሰው ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«ሚስ ኢዶና፣ ሃያ ሁለት ቁጥር ነው አሉኝ። ጥሩ መርጠዋል።»

«አራት ቁጥርን ቢሰጡኝ ነው ደስ የሚለኝ።»

«አራት ቁጥርን? ለምን?»

የሽንኩርቱን ነገር መንገዱን ሁሉ ስትለማመደው ነበር የመጣችው። አፏን ስትከፍት ግን በሰውየው ትከሻ በላይ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ዛፉን አየችው። ንፋስ ያወዛውዘዋል። የተለማመደችው ነገር ጠፋባት።

«እትብቴ እዚያ ዛፍ ሥር ነው» አለች።

በሩ አጠገብ ቆማ የነበረችው ቬርሊን ወረቀቶቿ ላይ አቀረቀረች። ሚስተር ባላንታይን ብዕሩን አስቀመጠ።

«ሚስ ኢዶና፣ ይህ መሬት በሕግ የተገዛ ነው።»

«አውቃለሁ። የሸጠው አባቴ ነው። በገንዘቡ ጀልባ ገዛ፤ ጀልባዋም በዓመቷ ሰጠመች። መሬት አይደለም የምጠይቅዎት፤ ሁለት ሌሊት ነው።» ከዚያም፣ «የእርስዎንስ እትብት እናትዎ የት ቀበሩት?» አለችው።

ሰውየው ይህን ጥያቄ ከሰው የሚጠብቅ አይመስልም ነበር። «አገሬ፣ ጆርጅታውን አጠገብ» አለ። «የዳቦ ፍሬ ዛፍ ሥር። ደሴታችን ላይ ያለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ግቢውን ሁሉ አለበሰው። ሄጄ ፈለግሁት። ቦታውን እንኳ መለየት አቃተኝ።»

«ብዙ ፈለጉ?»

«ሁለት ቀን።»

«አይዞዎት» አለችው።

ሚስተር ባላንታይን መዝገቡን ወደ ራሱ ሳበና አራት ቁጥር ላይ ስሟን በራሱ እጅ ጻፈ። ቀኑን ጠየቃት፤ ሐሙስና ዓርብ አለችው። ከዚያ ክፍሏን አስቀድሞ ሊያሳያት ቁልፉን ከቬርሊን ተቀብሎ ራሱ ወሰዳት።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ እውነትም ሽንኩርት ሽንኩርት ትላለች። አልጋው ግድግዳው ጋ ተጠግቷል። ሚስተር ባላንታይን አልጋውን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ ኮቱን አውልቆ እጅጌውን ሰበሰበ።

«ራስጌውን ወዴት ላድርግልዎት?»

ኢዶና ስንትና ስንት ሰው የተኛበትን አንሶላ ተኩሳለች፤ እሷ እንዴት መተኛት እንደምትወድ ግን ማንም ጠይቋት አያውቅም። ስለዚህ ለመመለስ አልቸኮለችም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። ማዕበሉ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ የኮኮናቱ ቅጠል በየት በኩል እንደሚንሿሿ አዳመጠች። ሥራ አስኪያጁም እጅጌውን እንደ ሰበሰበ እሷ እስክትወስን ጠበቃት።