የጭልፊት ዓይን፣ የእስስት ዓይን

በሺርን ሾፌሮች «ጭልፊት» ነበር የሚሉት። የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወርድ፣ ሌላው ገና ከጭጋጉ ጋር ሲታገል፣ እሱ ከታች የሚመጣውን መኪና ዓይነት ይናገራል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ሚኒባስ መንዳት የጀመረው በወጣትነቱ ነው፤ ሌላ ሥራ አያውቅም።

ክፉው ነገር ቀስ ብሎ መጣ። መጀመሪያ የበሩን መቃን በትከሻው ይገጭ ጀመር። ከዚያ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠችውን ልጁን ለይላን ረገጣትና ስትጮህ «ከየት መጣሽ?» ብሎ ተቆጣት። ሚስቱ ሰዒዳ ይህን ስታይ ልቧ ፈራ። ጎትጉታ ደሴ የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችው።

«ፊት ለፊት ያለውን አጥርተው ያያሉ» አለች ሐኪሟ። «ዳር ዳሩ ግን ጠፍቷል፤ የጠፋው ደግሞ አይመለስም። የማዝልዎት የዓይን ጠብታ የቀረውን ለማቆየት ነው። ከእንግዲህ መኪና እንዳይነዱ።»

ከወጡ በኋላ በሺር ሳቀ። «ሰማሽ? አጥርተህ ታያለህ አለችኝ። ጭልፊት እኮ ነኝ!»

«ጭልፊት ከሰማይ ሆኖ አንድ ነገር ላይ ያነጣጥራል እንጂ በሰው መሃል አይነዳም» አለች ሰዒዳ። «ለአንተ የሚበጅህ የእስስት ዓይን ነበር፤ አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ጎን የሚዞር። አላህን ፍራ፣ ተው።»

«ትቼ ምን ልሁን?»

 በማግስቱም ነዳ። አንገቱን ግራና ቀኝ እያዞረ መንዳት ለመደ። ሰዒዳም ሰበብ እየፈጠረች ጋቢና ትቀመጥና «በቀኝህ ጋሪ አለ፣ በግራህ ሴትዮ» እያለች ታንሾካሹክለት ጀመር። አፏን በነጠላዋ ከልላ ዱዓ ታደርጋለች።

አንድ ቀን ሐረጎ ላይ፣ ከኋላ ሕፃን ሲያለቅስ ዞር አለች። በዚያው ቅጽበት መኪናው አንድ ነገር መታ።

በሺር ፍሬን ይዞ ዘሎ ወረደ። «ምንድን ነው የመታሁት? የት አለ?» አንድ ሽማግሌ ከአጠገቡ ቦይ ውስጥ ወድቀው ያቃስታሉ፤ እሱ ግን ባዶውን አስፋልት እያየ ይጮሃል። «የት አለ? ወላሂ ማንም የለም!»

ተሳፋሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ያ ረቢ!» አለች አንዷ፤ «ይኼ ሰው አያይም!»

ሽማግሌው አቶ ስማቸው የሚባሉ የኩታበር ገበሬ ነበሩ። ዳሌያቸው ተሰብሮ በሕይወት ተረፉ። በሺር ሆስፒታል ሄዶ አልጋቸው ሥር ተንበረከከ።

«አባባ፣ አውፍ ይበሉኝ። አላየሁዎትም።»

«እኔስ አይቼህ ነበር፣ ልጄ» አሉት። «ያየኸኝ መስሎኝ ነው ያልሸሸሁት።»

 ከሆስፒታሉ በቀጥታ ትራፊክ ፖሊስ ዘንድ ሄዶ መንጃ ፈቃዱን አስረከበ።

አሁን ሰዒዳ ኮምቦልቻ ገበያ ሽንኩርት ትቸረችራለች። በሺር ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። የሚታየው ነገር ከወር ወር ይጠብበታል፤ ማታ ማታ «ዛሬስ?» ስትለው «ያው ነው» ይላታል፣ ይዋሻታል። ከጎን የሚያልፉ ጎረቤቶች ሰላም ሲሉት ስለማያያቸው «ኮራብን» ብለው ሰላምታቸውን ተዉት። ሰዒዳ አንዷን አስቁማ ዓይኑ መታመሙን ብትነግራት፣ ሴትዮዋ አላመነችም።

«ባለፈው ከማዶ ፊት ለፊቱ ስመጣ በስሜ የጠራኝ ማን ነው ታዲያ?» ብላት መንገዷን ቀጠለች።