ደቦው የበላው ቆርቆሮ

እናቴ ስትገምት ያላየ ሰው ስለ ግምት ባያወራ ይሻለዋል። ነቀምቴ ከቤታችን አጥር ጋር የተያያዘች፣ ከወንድሟ የወረሰቻት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበረቻት። በንጉሡ ዘመን ነው፤ ትምህርት ቤቱ እየሰፋ መምህራን ከሸዋም ከጎጃምም ይመጡ ስለነበር፣ ትርፍ ክፍል ያለው ሁሉ ተከራይ ይጠብቃል። የእናቴን ቤት ግን ዞር ብሎ የሚያያት አልነበረም። ግድግዳዋን ምስጥ ጨርሶት፣ የሳር ጣሪያዋ በስብሶ፣ ዶሮ እንኳ እዚያ የምታድረው በግድ ነበር።

በዚያ ዓመት እኔ አዲስ አበባ ነርስነት እንድማር ተቀብለውኛል። አልጋውና ምግቡ ከትምህርት ቤቱ ነው፤ መሳፈሪያው፣ ጫማው፣ ብርድ ልብሱ ግን ከኛ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነው፦ ቤቷ ከክረምት በፊት ታድሳ ከተከራየች እሄዳለሁ፣ ካልተከራየች እቀራለሁ። አንድ መምህር አይቷት፣ ቆርቆሮ ከለበሰች ብቻ እንደሚገባ፣ ኪራዩንም በቅድሚያ እንደሚከፍል ነግሮናል። ሳር ቤት አልገባም ብሏል፤ መጻሕፍት አሉኝ፣ ይፈስብኛል አለ።

እናቴ አናጢ ጠርታ ቤቱን አብረው ዞሩት። ሰውየው ጎጃሜ ነው፣ ቀልደኛ። በመዶሻው ምሰሶውን መታ ያደርግና ባዶ ድምፅ ሲሰማ፣ «ይሄ አልቆለታል» ይላል። እናቴ፣ «አላለቀለትም፣ ትንሽ ደክሞት ነው» ትለዋለች። እሱ የጠራውን ማገር ሁሉ እሷ በግማሽ ትቀንሳለች።

«እትዬ፣ ቤት ነው ወይስ ቅርጫት ነው የምሠራልዎ?» አላት በመጨረሻ።

ሲከራከሩ ውለው እንጨቱ፣ ምስማሩ፣ ጭዱ፣ የአናጢው ዋጋ፣ ቆርቆሮው ተደመረ። በእጇ ካለው ጋር ልክክ አለ። ጭቃ ለሚያቦካውና ለሚመርገው ሰው ምን እንደያዘች ጠየቅኋት።

«ምንም። ደቦ ነው።»

«የሚበሉትስ?»

«ኤዲያ! ኢንተላ ኮ፣ ጎረቤት ለሚጎርሰው ሂሳብ ይያዛል እንዴ?» ኢንተላ ኮ ስትል ልጄ ማለቷ ነው፤ ስትቆጣኝም ስታቆላምጠኝም በዚያው ነው።

ለነገሩ እሷ ብቻ አይደለችም። በኛ አገር ደቦ መጥራት እየቻለ የቀን ሠራተኛ የቀጠረ ሰው ጎረቤቱን እንደናቀ ይቆጠራል። ቤት የሚያድስ ሁሉ ጉልበቱን በነጻ ይገምታል፣ ይከስራል፣ ሌላ ቤት ሲያድስም መልሶ በነጻ ይገምታል።

እናቴ የጠራችው የሰፈሩን ሰው ነበር፤ የመጣው ከተማው ነው። ከጉቴ ድረስ ጭድ ተሸክመው የመጡ ነበሩ። የአርጆዋ የአክስቷ ልጅ ከነባሏ፣ ከነአማቾቿ ደረሰች። እናቴ የማን ልቅሶ ቀርታ ታውቃለች? የማንን አራስ ሳትጠይቅ ቀርታለች? ያ ሁሉ የደረሰችለት ሰው በአንድ ቀን ውለታዋን ሊከፍል መጣ። ጭቃው በዘፈን ተረገጠ፤ ለጠጪው ጠላ፣ ጠላ ለማይቀምሰው ለወንጌል አማኙ ብርዝ ቀረበ። በጉ አለቀ፣ ሌላ በግ ተገዛ። ከሰዓት በኋላ እንደገና ገበያ ስትልከኝ ብሩን ከየት እንደምታወጣ አየሁ፤ ለቆርቆሮው ከቋጠረችው ነው።

«ሀርሜ፣ እባክሽ ተይ» አልኳት፤ እናቴ ስል ነው።

«ሰው ለኔ ብሎ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ምኑን ልተው?»

ሲመሽ ግድግዳው አምሮበት ቆመ፣ ያለ ጣሪያ። ሰው ሁሉ አፉን እየጠረገ መርቋት ሄደ። እውነቴን ነው፣ አንድ በአንድ ባንቃቸው ደስ ይለኝ ነበር።

አኮረፍኩ። ትምህርቱ ቀረ ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ፤ እሷ ግን ምንም እንዳልሆነ ሰው ሥራዋን ትሠራለች፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ መዶሻ ሰማሁ። ቆርቆሮ ከየት አገኘች ብዬ እየሮጥኩ ደረስኩ። አናጢው የሚከራየው ቤት ላይ አልነበረም፤ የኛ ቤት ላይ ነው። አባቴ ያለበሰውን ቆርቆሮ ምስማሩን እየነቀለ ያወርዳል፣ እናቴ ከታች ትቀበላለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ተከራይ ቆርቆሮ ይፈልጋል» አለች ቀና ሳትል። «እኔን የሚከራየኝ የለም።»

ከዚያ በኋላ ማኩረፍ አልቻልኩም። እያለቀስኩ የቆርቆሮውን ሌላ ጫፍ ያዝኩላት።

የኛን ቤት ወቅቱ ባለፈበት፣ በተገኘው ሳር ከደንነው። መምህሩ መጻሕፍቱን አሸክሞ ገባ፣ ኪራዩን በቅድሚያ ከፈለ፣ ጫማም ሻንጣም ተገዛልኝ።

የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ በቀትር ጣለ። የተከራያችን ጣሪያ ይንጓጓል፤ በኛ በኩል ግን ውሃው እየተንጠባጠበ ነው። እናቴ ሳህኑንም ድስቱንም ከሥሩ እየደቀነች ትስቃለች።

«ሰማሽ? ያ የሚጮኸው ያንቺ ጫማ ነው» አለችኝ።

ቤታችን ውስጥ የማይፈስበት አንድ ጥግ ብቻ ነበር። እዚያ የተቀመጠው ሻንጣዬ ነው፤ የእሷ አልጋ ውሃ ጠጥቷል። አልጋውን ወደ ጥጉ ልገፋ ስነሳ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተይው» አለች፣ «ሻንጣው ይረጥባል።»