የልጄ ያልታጠበ ሱሪ

ልጄ አንድ የጂንስ ሱሪ ነበረው። ክረምቱን ሙሉ ለበሰው፤ አላጠበውም። እኔም እንዳላጥበው ከለከለኝ። ሲያወልቀው ከመድረቁ የተነሳ ግድግዳ ተደግፎ ሊቆም ምንም አይቀረውም።

«ለምንድን ነው የማይታጠበው?» አልኩት።

«አዮ» አለኝ፤ በኦሮምኛ እናቴ ማለቱ ነው። «ጥሬ ነው። ጨርቁ ውሃ ሳይነካው ነው የተሰፋው። ካጠብሽው ቀለሙን ሳሙና ይወስደዋል። ቀለሙ መልቀቅ ያለበት በእኔ ጉልበት፣ በእኔ አቀማመጥ ነው።»

«ሽታውስ?»

«ሽታው ይለመዳል።»

እናት እንዲህ ያለ መልስ አትቀበልም። በደርግ ዘመን ደግሞ ነቀምቴ ውስጥ ማንም የማንንም መልስ እንዳለ አይቀበልም ነበር። ሱሪው እንዳይነካበት የሚጠብቅ ልጅ የሚደብቀው ነገር አለ አልኩ። ገላውን ሊታጠብ ሲወጣ ኪሶቹን ዳበስኩ። ምንም የለም። ምንም አለመኖሩም አላሳረፈኝም።

ቦት ጫማውም ነበር፤ ወታደር የሚያደርገው ዓይነት ከስክስ። በሞራ ያሸዋል። ለመጣ እንግዳ ሁሉ ገልብጦ፣ «ሶሉ በክር የተሰፋ ነው፤ በማስቲሽ የተጣበቀማ ጫማ አይደለም፣ ካርቶን ነው» ይላል። ከየት አመጣኸው ስለው፣ «ከሾፌር ገዛሁ።» የትኛው ሾፌር እንደሆነ ግን አይናገርም። በእኛ ሰፈር ሐሳብ ወታደር ሳይሆን ከስክስ ያደረገ ሰው ወይ ከጦር ከድቷል፣ ወይ ለቀበሌ ይሠራል። ሦስተኛ ምክንያት የሚያውቅ አልነበረም።

የምፈራው ለእሱ ብቻ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ ስለነበር ጥቂት ሴቶች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈራችን፣ በእኔ ቤት እንሰበሰብ ነበር። አንዘምርም። በሹክሹክታ ጸልየን አንድ በአንድ እንወጣለን። ከመካከላችን አንዷ ከሲሬ በአውቶቡስ የምትመጣ ሴት ነበረች። ባሏ በእምነቱ ምክንያት ታስሯል። የእኛ መሰብሰብ ቢታወቅ ከሁላችን በፊት የምትወሰደው እሷ ነበረች። የልጄ አባት ጊምቢ ከተማ ስለሚያስተምር በቤቱ የምንኖረው እኔና ልጄ ብቻ ነን፤ ልጄም ስብሰባችንን ያውቃል።

አንድ ሐሙስ ለምሳ ሳይመጣ ቀረ። ልጠራው ወደ ጉራጌው ነጋዴ ሱቅ ሄድኩ። ነጋዴው ሰልባጅ ይሸጣል፤ የእሱ ልጅና የእኔ ልጅ ጓደኛሞች ናቸው፤ ስለ ልብስ ሲከራከሩ ይውላሉ። የተሰቀሉት አሮጌ ካፖርቶች እንደ መጋረጃ ጋርደዋቸው ከኋላ በአማርኛ ያወራሉ።

«ቀዩ አላት?» ይላል የነጋዴው ልጅ።

«የእኔዋ አላት። ገልብጬ አይቻለሁ። ውስጥ ስለሆነ ከውጭ ማንም አያውቅባትም።»

«የሲሬዋስ?»

«እሷ የውሸት ናት!» አለ ልጄ። «ቀይ የሚባል ነገር የላትም። አጥበዋታል። ስንት ጊዜ ስትሸውደኝ ከረመች!»

«ገና ሳያት አልነገርኩህም? አንተ ሰው ታምናለህ።»

«ቅዳሜ አስረክባታለሁ። የሚረከባት ሰውዬ ከሰዓት በኋላ ይመጣል።»

«እንዳትራራላት ብቻ። አውቅህ የለ!»

ሳልጠራው ተመለስኩ። ቀይ በየግድግዳው በተጻፈበት ዘመን ማን ውስጡ ቀይ እንደሆነ፣ ማን እንዳልሆነ የሚቆጥሩ ሰዎች ነበሩ። የሰማሁትን ሰምቻለሁ። የሲሬዋን ሴት ልጄ ሊያስረክባት ነው።

ዓርብን ጾምኩ። ሲሬ መልእክት ልላክ ብል በማን እጅ? ሾፌሮቹን አላምንም። ጫማውን የሸጠለትም ሾፌር ነው።

ቅዳሜ መናኸሪያ ሄጄ ጠበቅኳት። ከአውቶቡስ ስትወርድ ክንዷን ይዤ ወደ ዳር ወሰድኳትና የሰማሁትን ነገርኳት።

«ልጅሽ ነው?»

«ልጄ ነው።»

«ከአፉ ሰማሽ?»

«ከአፉ።»

ቀጠልኩና፣ «በዚሁ አውቶቡስ ተመለሺ» አልኳት። እምቢ አለች።

«ባሌን ማን እንዳስረከበው እስከ ዛሬ አላወቅኩም። እኔን የሚያስረክበኝን ግን ፊቱን አይቼ ልወቅ።»

አብረን ሄድን። ልጄ ከስክሱን አድርጎ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዞ ከበራችን ሲወጣ አገኘነው።

«አዳዳ፣ አከም ጂርታ?» አላት፤ በእኛ አገር ልጅ የእናቱን እኩያ እንደ አክስቱ ነው የሚጠራት።

«ደህና ነኝ። የሲሬዋ መጣሁልህ» አለችው። «ቀይ የለኝም ብለሃል አሉ። ሰውዬህ የት ነው?»

ልጄ እሷን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። ሱቅ ሄጄ የሰማሁትን ነገርኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። ጋዜጣውን ቀደደው። ከውስጡ ሌላ የጂንስ ሱሪ ወጣ።

«ይቺ ናት የሲሬዋ! ሲሬ ከሾፌር የገዛኋት። ጥሬ ናት ብሎ የታጠበች ሸጠልኝ! አሁን ለሚገዛኝ ሰውዬ ላስረክባት ነው።» ጎንበስ ብሎ የለበሰውን ሱሪ ጫፍ ገለበጠ። ከውስጥ፣ ጨርቁ ከሚያልቅበት ነጭ ጠርዝ ላይ ቀጭን ቀይ ክር ይሄዳል። «ቀዩ ይኸው። በድሮ መሸመኛ የተሠራ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው።»

እኛ ቤት የምንናገረው ኦሮምኛ ነው። አማርኛዬ የትምህርት ቤት አማርኛ ነው። ጎረምሶች የወደዱትን ዕቃ፣ ሱሪም ቢሆን፣ «እሷ» እንደሚሉት ያን ቀን ተማርኩ።

የሲሬዋ ሴት አጥር ይዛ ሳቀች። ባሏ ከታሰረ ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

«ታጥቤስ ታጥቤአለሁ፤ ግን በቀይ ነው የታጠብኩት!» አለች፣ የክርስቶስን ደም ማለቷ ነው። «ለሰውዬህ እንዲህ ብለህ ንገረው።»

ልጄ አልሳቀም።

«አዮ፣ እኔን ነው የጠረጠርሽው?»

«ከስክስ ያደረገ ሰው ምን እንደሚሠራ አላውቅም» አልኩት።

«ይራመዳል! ሌላ ምን ይሠራል?»

ሱሪውን በእጁ እንደያዘ ሄደ። በሩንም አልዘጋው።

ሴቶቹ መጡና ጸለይን። የሲሬዋ በእኔ ፈንታ አመሰገነች፤ የልጄ ምስጢር ክር ሆኖ በመገኘቱ። እኔም አሜን አልኩ።

ሲመለስ ጫማውን አውልቆ አጠገቤ ተቀመጠ። ሳልጠይቀው ነገረኝ። ጫማው የወታደር አይደለም፤ የመንገድ ሥራ ሰዎች የሚያደርጉት ነው። ሾፌሩን ያልነገረኝ ማንነቱ ከታወቀ ሌሎች ቀድመው እንዳይገዙበት ነው። አዳመጥኩት። ግማሹን አመንኩ፤ ግማሹን ለእግዚአብሔር ተውኩ። መጠርጠሬን ግን ስህተት ነው አላልኩትም። የሰው ነፍስ በእጄ ነበረች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጄ ሱቅ አልሄደም። የነጋዴውን ልጅ ጠርቶ ከበራችን ላይ ተቀመጡና ስለ ጫማ ይከራከሩ ጀመር፤ የተሰፋ ሶል፣ የተጣበቀ ሶል፣ ሞራ ይሻላል፣ ቀለም ይሻላል። ጮክ ብለው ነው የሚከራከሩት። የቀበሌ ጥበቃ ሲያልፍ ይበልጥ ይጮኻሉ፤ እንዲያውም አንዱን ጥበቃ ጫማውን አስወልቀው ሶሉን አዩለትና ሳቁበት። ከእነሱ ድምፅ በታች እኛ እንጸልያለን።

የሲሬዋ ሴት መምጣቷን አላቋረጠችም። እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜም አንድ ጆሮዬ በር ላይ ነበር። ከደጅ «እሷ» የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር፣ የሚያወሩት ስለ ሱሪ መሆኑን እስካረጋግጥ ድረስ ጸሎቴን አቆም ነበር።