በቡሌዋ ወርቂቱ ላይ ያወራሁት

ይህን ለባሌም ለንስሐ አባቴም ሳልናገር አረጀሁ። እናንተ የምታነቡት ስሙኝ፤ ፍረዱብኝም።

ጣሊያን ዲላን በያዘበት ዘመን ባሌ ተሰማ ሱቅ ነበረው። ቀድሞ በቅሎ ጭኖ ይርጋጨፌና ቡሌ በእግሩ የሚመላለስ ቀጭን ሰው ነበር። ካሚዮን ዕቃውን ሱቁ ድረስ ማምጣት ሲጀምር ግን መቀመጥ ለመደ። ነጭ ዳቦና መኮሮኒ ከቤታችን አይጠፋም፤ ሻዩን በአራት ማንኪያ ስኳር ነበር የሚጠጣው። ቦርጩ ሲወጣ አማረበት ብዬ ኮራሁ። ስኳሩን የምጨምርለትም እኔው ነበርኩ።

ከዚያ ወንድነቱ ከዳው። አልጋ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ወራት ሲያልፉ ሌላ ሴት ይዟል ብዬ ጠረጠርኩ። ማንን? ከጓሯችን በስተጀርባ የምትኖረውን፣ ቆጮና ጎመን ሻጯን ወርቂቱን። ባሏ የሞተባት፣ ከቡሌ የመጣች የጌዴኦ ሴት ነበረች። ተሰማ ሲያልፍ ፈገግ ይልላት ነበር፤ ማስረጃዬ ይኸው ብቻ ነው። ገበያ መሀል ቆሜ "ባሌን መድኃኒት አዙራበታለች" አልኩ። እኔ አልኩ። ማን አስገደደኝ? ብዙ ሳይቆይ ከእሷ የሚገዛ ጠፋ።

አንድ ቀን ጠዋት ደጄ መጣች። ልትሰድበኝ መስሎኝ ነበር።

"ያልሽውን ሰምቻለሁ። አሁን ግን ለዚያ አልመጣሁም" አለችኝ። "ባልሽ አጥሩ ሥር የሚሸናበትን ቦታ ጉንዳን ይወረዋል። ውሃ ይጠማዋል?"

"እንስራ አይበቃውም" አልኳት።

"የኔም ባል እንዲሁ ነበር። አንድ ጌታ ቤት እያገለገለ ማርና ጠጅ አበዛ። መጀመሪያ አልጋ ላይ ደከመ፤ እኔም ሴት ይዟል አልኩ። በኋላ እግሩ ቆሰለ፣ ሞተ። ስኳሩን አስተዪው። ጎመንና ባቄላ አብዢለት፤ በእግሩም ይሂድ።"

ለተሰማ ምክሩን ያገኘሁት ከሐኪም ነው ብዬ ዋሸሁት። እያጉረመረመም ቢሆን ስኳሩን ተወ፤ ከበቅሎዎቹ ጋር ቡሌ መውጣት ጀመረ። ጥሙ ቀነሰ፣ ሱሪው ሰፋው። ቀስ በቀስ፣ እንደ ጎረምሳነቱ ባይሆንም፣ ወደ እኔ ተመለሰ። ሴት ልጅም ወለድን።

ወርቂቱ ግን ገበያው ስለተዘጋባት ወደ አገሯ ቡሌ ተመልሳ ነበር። እውነቱን እዚያው ገበያ ላይ መናገር እችል ነበር፤ አልተናገርኩም። የባሌን ገመና ላለማውጣት ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። የሸፈንኩት የራሴን አልነበረም?

ሕፃኗን አዝዬ ቡሌ ወጣሁ። ብርድ ነበር። ወርቂቱ ልጄን ተቀብላ በጋቢዋ ሸፈነቻት፤ ለእኔም ትኩስ ወተት አቀረበችልኝ። ባሌን የመለሰችልኝ እሷ ናት፤ ልጄም የተወለደችው በእሷ ምክንያት ነው። ይህን እያሰብኩ እጇን ሳምኩ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኳት፤ ደጋግሜ አልኳት። ዛሬም ስሟን ሳነሳ ልቤ በምስጋና ይሞላል።

ይቅር በይኝ ግን አላልኳትም። ማመስገኑ ይቀለኝ ነበር።